ስም የሚለዋወጡ ዲስኮች

ኑ እስቲ፣ ጠጋ በሉና ተቀመጡ። አንተም ያንን በር ገርበብ አድርገው፤ የመኪናው ጩኸት ድምፄን እንዳይውጠው። የማወራችሁ የአንዲት ሴት የአንድ ቀን ውሎ ነው። ሽፍታ የለበትም፣ ድንገት ሀብት የወረሰም የለበትም። ሴትየዋ ያላደረገችውን አድርጌያለሁ እንድትል ተጠየቀች፤ እምቢ አለች። ይኸው ነው ነገሩ። እምቢ ማለት ቀላል የሚመስላችሁ ደግሞ ማንን እምቢ እንዳለች እስክትሰሙ ድረስ ነው።

ሴትየዋን ሰፈሩ እትዬ ሽቦ ይላታል። ቀጭን ስለሆነች ይመስላችኋል? ቀጭንስ ቀጭን ናት፤ ስሙ የወጣላት ግን አንድ ሁለት የኮምፒውተር ገመድ እንደ ሻርፕ አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ስለምትውል ነው። በታላቅ ወንድሟ ፎቶ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ፎቶ ቤቱ ከፊት፣ መኖሪያው ከኋላ ነው። በመሃል፣ ድሮ ፊልም የሚታጠብባት መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል አለች፤ አሁን የዲስኮቹ ክፍል ሆናለች። አምስት ሃርድ ዲስኮች መደርደሪያ ላይ ተደርድረው፣ ትንሽዬ ማራገቢያ እየዞረላቸው፣ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ፊት ይዘው ይቀመጣሉ፤ ሙሽራውን፣ ምሩቁን፣ ለመታወቂያ የተነሳውን ኮስታራ። የክፍሏ ግድግዳ ኮምፔንሳቶ ስለሆነ ከወዲያ ማዶ ያለ ሰው ሲያስነጥስ ከወዲህ ሆናችሁ "ይማርህ" ማለት ትችላላችሁ። በዚያን ቀን ጠዋትም እትዬ ሽቦ የሻይ ብርጭቆዋን ይዛ ዲስኮቹን ልታይ እንደገባች፣ ከግድግዳው ወዲያ የወንድሟ ሚስት ድምፅ መጣ።

"ጥፋቱን እሷ ብትወስደው ምን ትሆናለች? ልጁ ገና ስሙን እየተከለ ነው። እሷን እንደሆነ የሚያባርራት የለ፤ ዞሮ ዞሮ ቤቷ ነው።"

ወንድሟ ዝም አለ። እትዬ ሽቦ የዚህን ሰው ዝምታ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ እምቢ ሊል ሲል አጭር ነው፣ እሺ ሊል ሲል ረጅም። ይሄኛው ረዘመ። በመጨረሻ፣ "መምህርቷ ዘጠኝ ሰዓት ትመጣለች፤ እሷ ፊት ይቅርታ ትጠይቅና ነገሩ በዚያው ይለቅ" አለ። ከዚያ የሻይ ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ ሲዞር ተሰማ፤ ሲዞር፣ ሲዞር፣ ስኳሩ ካለቀ በኋላም ሲዞር።

ነገሩ እንዲህ ነው። መምህርቷ በአቅራቢያው ባለው ትምህርት ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማረች ሴት ናት። በየዓመቱ መጨረሻ ተማሪዎቿን በሰልፍ እየነዳች እዚህ ፎቶ ቤት ታመጣቸዋለች፤ ረጃጅሞቹ ከኋላ፣ አጫጭሮቹ አግዳሚው ላይ፣ እሷ ጥግ ላይ ቆማ። ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ሠላሳ አንድ ፎቶ። አሁን ጡረታ ልትወጣ ነው፤ ትምህርት ቤቱም ፎቶዎቹን በትልቁ አሳትሞ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ሊሰቅልላት አዘዘ። የድሮዎቹን ፊልሞች ጣሪያው አፍስሶ ካበላሻቸው ቆይቷል፤ የቀረው ዲስክ ላይ የተገለበጠው ብቻ ነበር። ትናንት ከሰዓት በኋላ ለማተም ዲስኩ ሲከፈት ባዶ ሆኖ ተገኘ። እንደ ተጠረገ መጋዘን ባዶ።

ባዶ ያደረገው የወንድሟ ልጅ ነው። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ዲግሪውን ይዞ ከመጣ ጀምሮ ቤተሰቡ "ኢንጂነሩ" እያለ ይጠራዋል፤ እናቱማ ለሽንኩርት ሻጯም ሳይቀር "ኢንጂነሩ ቀዩን ነው የሚወደው" ትላለች። መጥፎ ልጅ አይደለም። ፎቶ ቤቱን ላዘምን ብሎ በነበረው ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሥርዓት ጫነበት፤ ኮምፒውተር ውስጥ ኮምፒውተር፣ እርጉዝ ሴት በሉት። ዲስኮቹን የሚያስተዳድረው የውስጠኛው ሆነ። ውስጠኛው ታዲያ እትዬ ሽቦ በነጭ ፕላስተር ላይ ጽፋ የለጠፈችውን አያነብም። ሲነሳ በራሱ ፊደል ይሰይማቸዋል፤ ይሄን ሲ፣ ያንን ዲ፣ ያኛውን ኢ እያለ፣ በመጡለት ቅደም ተከተል። ወረፋ ማለት ነው። ዛሬ ወረፋው ላይ ሦስተኛ የቆመ ሰው ነገ ሁለተኛ ሊቆም ይችላል አይደል? ኢንጂነሩ ግን በየሳምንቱ ሐሙስ "ኢ የተባለውን ጠርገህ ለአዲስ ሥራ አዘጋጅ" የሚል ትእዛዝ ጽፎ ነበር። ኢ የሳምንቱ ሥራ ለጊዜው የሚያርፍበት የመጠባበቂያው ዲስክ ነዋ፤ ሁልጊዜ ኢ የሚሆን መስሎት። ረቡዕ ዕለት መብራት ሄዶ መጣ፣ ኮምፒውተሩ እንደገና ተነሳ፣ ወረፋው ተዛባ። ሐሙስ ኢ ላይ ቆሞ የተገኘው የመምህርቷ ዲስክ ነበር።

እትዬ ሽቦ ይህን ከሁለት ወር በፊት ነግራዋለች። ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማረችም፤ ግን በየጠዋቱ በየዲስኩ ጀርባ የታተመውን ቁጥር ከስክሪኑ ፊደል ጋር እያስተያየች ደብተር ላይ ትጽፍ ነበርና፣ "አንተ፣ ይሄ ፊደል እኮ ትናንት ሌላው ላይ ነበር" አለችው። ሳቀ። "እትዬ፣ መነጽርሽን ቀይሪ" አላት። ትናንት ደግሞ አባቱ ሲያፋጥጠው፣ "ፕላስተሩን አዛብታ ለጥፋው ነው፤ እሱን አምኜ ነው" ብሎ ተገላገለ።

ሻይዋን አልጨረሰችውም። አላለቀሰችም ደግሞ፤ ልቅሶ ለምን እንደሚጠቅም ስላልታያት። ባዶውን ዲስክ በቀስታ ነቀለችው፣ በነጠላ ጨርቅ ጠቀለለችው፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ በቦታው አንድ ትርፍ ዲስክ አስገባች። የተጠረገ ዲስክ ላይ ሌላ ነገር ካልተጻፈበት ውስጡ ያለው ወዲያው ሞቶ እንደማያልቅ ከካሜራ ካርዶች ታውቃለች። ከዚያ ገመዶቿን አንገቷ ላይ አስተካክላ ወደ ፊተኛው ክፍል ወጣች፣ መጋረጃውን ገለጠች፣ በሩን ከፈተች። ሥራ ነዋ።

የመጀመሪያው ደንበኛ ለፓስፖርት የሚነሳ ሰውዬ ነበር። አራት ጉርድ ፎቶ፤ ዋጋው ከሦስት ዳቦ አይበልጥም፤ እሱ ግን ርስት የሚገዛ ይመስል ሦስት ጊዜ ተከራከረ። ፎቶውን ካየ በኋላም አልለቀቃትም።

"እቴ፣ ይቺን ግራ ጆሮዬን ትንሽ አስገቢልኝ፤ አላበዛችውም?"

"ጆሮህን የፈጠረው ያውቃል፤ እኔ ያለውን ነው የማነሳው።"

"ትንሽ ብቻ! ማን ያውቃል?"

"እኔ አውቃለሁ" አለችው፤ ሰውዬው ምን ያኮሳትራታል ብሎ ጆሮውን እየዳሰሰ ሄደ።

ወንድሟ ወደ አራት ሰዓት ገደማ መጣ። መጣ ስላችሁ፣ ከኋላ በር ገብቶ የካሜራውን ሌንስ መጥረግ ጀመረ። ንጹሕ ሌንስ ነው፤ ማታ እሷ ራሷ ናት የጠረገችው። ጠረገ፣ ወደ ብርሃን አነሳው፣ እንደገና ጠረገ። እሷ ፖስታ ውስጥ ፎቶ ትከታለች። ሁለት የአንድ እናት ልጆች፣ በመሃላቸው ሁለት ሜትር የማይሞላ ወለል፣ በላዩ ላይ ስንት ዓመት የተከመረ ነገር! አባታቸው ሲሞት ያሳደጋት እሱ ነው። ይህችን ነገር እሱ አንድ ቀን በአፉ አውጥቷት አያውቅም፤ እሷም አንድ ቀን ረስታት አታውቅም። ለዚህ ነው ጠዋት የሰማችው ነገር የከበዳት። ባዕድ ቢሆን በአንድ ቃል ትመልሰው ነበር።

"መምህርቷ ትመጣለች" አለ ወደ ሌንሱ።

"አውቃለሁ ጋሼ።"

"ትናንት የሆነው... ያው እንግዲህ፣ አንቺ ብትናገሪያት ይሻላል። ትወድሻለች። ተሳሳትኩ ብትያት አትከፋም። ልጁ ከሆነ ግን በከተማው ወሬው ይነዛል፤ ለነገ ሥራው—"

"አልተሳሳትኩማ።"

"ተሳሳትሽ ማን አለ? እንዲያው ለነገሩ ማለቴ ነው።"

"ለነገሩ አልልም ጋሼ። ሌላ የፈለግከውን እዘዘኝ፤ ይሄን ቤት በጉልበቴ ልጠርገው፣ ደንበኛ ቤት ድረስ ፎቶ ተሸክሜ ልሂድ። ይሄንን ግን አልልም።"

ቀና ብሎ አያት። ሃያ ሁለት ዓመት "እሺ ጋሼ" ስትለው የኖረች ሴት "አልልም" ስትል ሰምቶ የማያውቅ ሰው እንዴት እንደሚያይ አስቡት። "እንግዲያው የክፍሉን ቁልፍ ታስረክቢያለሽ" አለ በቀስታ፤ ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱም የደነገጠ መሰለ። ሌንሱን አስቀምጦ ወጣ።

ምሳ ላይ አራቱም አንድ ገበታ ቀረቡ። የወንድሟ ሚስት ስለ ቲማቲም ዋጋ ብዙ አወራች፤ ትናንት ይሄን ያህል ነበር፣ ዛሬ ይሄን ያህል ገባ፣ ነገ እግዜር ይወቅ። ኢንጂነሩ ስልኩ ላይ አጎንብሶ ይበላል። ጨው የያዘው ዕቃ እትዬ ሽቦ ጋ ነበር፤ ከወትሮው "እትዬ አቀብይኝ" የሚለው ልጅ፣ እጁን በአባቱ ትከሻ ላይ አሻግሮ ራሱ አነሳው። ያቺ ናት ያሳመመቻት። ይህን ልጅ ፊደል ያስቆጠረችው እሷ ናት፤ ጫማውን ግራና ቀኝ አዛብቶ ሲያደርግ ስንት ጊዜ አስተካክላለታለች! አሁን ዓይኗን ላለማየት ጨው እስከማሻገር ደረሰ። "አጠፋሁ" ቢላት እኮ በአንድ ኩርኩም ያልቅ ነበር። እሷ ሥራዋን ብታጣ ሌላ ቦታ አታጣም፤ ሰው ሁሉ የሰፈሩን ፊት ጠባቂ ናት ብሎ የሚያምናትን እምነት ግን አንዴ ከጣለችው ከየትም አታነሳውም። ሳህኗን አነሳች፣ አጠበች፣ ቁልፉን በእጇ ይዛ ወደ ፊት ወጣች።

መምህርቷ በዘጠኝ ሰዓት ከች አለች፤ ከዘጠኝ ሰዓት አንድ ደቂቃ አላለፈችም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ደወል የጠበቀች ሴት ናት። አጭር፣ ወፍራም መነጽር ያደረገች፣ ወንበር ሲያቀርቡላት ጠርጋ የምትቀመጥ። ወንድሟ ቆሟል። ሚስቱ የኋላውን በር ይዛለች። ኢንጂነሩ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ጥፍሩን ይበላል። ሁሉም እትዬ ሽቦን ያያሉ።

"መምህር" አለች፣ "ፎቶዎችዎ ከዲስኩ ላይ ጠፍተዋል። ያጠፋሁት ግን እኔ አይደለሁም። እንዴት እንደጠፉ እዚሁ ፊትዎ አሳያለሁ። ከዚያ በኋላ ጋሼ ቁልፉን ከፈለገ ይኸው፣ ጠረጴዛው ላይ ነው።"

ቁልፉ እንጨቱ ላይ ቀጭ አለ። መምህርቷ መነጽሯን አስተካከለች። "አሳዪኝ" አለች፤ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ተማሪ ያቆመች ይመስል።

"አንተ፣ መጀመሪያ ያንን የጠረጋ ትእዛዝህን ዝጋው። ዘጋኸው? እሺ። የመጠባበቂያው ዲስክ ቁጥሩ መጨረሻ አርባ አራት ሰባ አንድ ነው፤ ከጀርባው ላይ ታትሟል፤ እኔ አልጻፍኩትም። ስክሪኑ ላይም ይታያል። ፊደሉ ምንድነው?"

"ኢ ነዋ። ሁልጊዜ ኢ ነው።"

"አጥፋና አስነሳው። መምህር፣ እርስዎ ይጻፉልኝ።"

አጠፋው፣ አስነሳው። ማራገቢያው አጉረመረመ። "አርባ አራት ሰባ አንድ፣ ኢ" አለ ኢንጂነሩ። እንደገና አስነሳው አለችው። እንደገና ተነሳ። "ኢ!" አለ፤ አሁን ድምፁ ከፍ አለ፣ ወደ እናቱም ዘወር ብሎ ፈገግ አለ። "እትዬ፣ እስከ ነገ ብናስነሳው ያው ነው።" የወንድሟ ሚስት "ይኸው!" አለች ከበሩ። ዕቃ ክፉ ነው፤ ሰው ሲያየው ጨዋ ይሆናል።

"በቃ፣ ይበቃል" አለ ወንድሟ።

"አልበቃም ጋሼ።"

"ሴትየዋ ጊዜ የላትም!"

"ጡረታ ልወጣ እኮ ነው፤ ካለኝ ሁሉ የተረፈኝ ጊዜ ነው" አለች መምህርቷ ከወረቀቷ ቀና ሳትል። "አስነሳው ልጄ።"

ሦስተኛው ላይ ኢንጂነሩ ቶሎ አላነበበም። ወደ ስክሪኑ ተጠጋ፤ ከዚያ ራቅ አለ። "እህ?" አለችው መምህርቷ። "አርባ አራት ሰባ አንድ..." አለ፣ ድምፁም እዚያው አለቀ። "ጎላ አድርገህ አንብብ።" "ዲ" አለ። "ዲ ሆኗል።" "ኢ ላይስ ማን አለ?" አለች እትዬ ሽቦ። ልጁ ቁጥሩን አነበበ፤ ወንድሟ መደርደሪያውን ሊያይ አልሄደም፤ ቁጥሩን በቃሉ ያውቀዋል። የሰርግ ዲስኩ ነበር፤ የዘጠኝ ዓመት ሙሽሮች። ያ ትእዛዝ ባይዘጋ ኖሮ በሚመጣው ሐሙስ የሚጠረገው ያ ነበር።

ወንድሟ ጉሮሮውን ጠረገና፣ እጆቹን አጣምሮ ወደ መምህርቷ ጎንበስ አለ። "መምህር፣ ጥፋቱ የቤታችን ነው። እንደ ቤት ይቅርታ እንጠይቃለን።"

ጥሩ ንግግር ነው። ሁሉንም የሚያስማማ፣ ማንንም የማያሳፍር። ሌላ ሴት ብትሆን እፎይ ብላ እዚያው ላይ ትተወው ነበር። እትዬ ሽቦ ግን አንገቷን ነቀነቀች።

"የቤታችን አይደለም። ቤት እጅ የለውም ጋሼ። ጠዋት የኔ ብቻ የነበረው ከሰዓት እንዴት የሁላችንም ሆነ? ያደረገው ሰው አለ፤ አፍም አለው፤ ይናገር።"

"አንቺ ሴት!" አለች የወንድሟ ሚስት።

"ይናገር።"

ኢንጂነሩ ከወንበሩ ተነሳ። ጆሮው ድረስ ቀልቷል። አባቱን አላየም፣ እናቱንም አላየም። "እኔ ነኝ መምህር" አለ። "እትዬ ነግራኝ ነበር። ስቄባታለሁ። ስጠየቅም በሷ ላይ አላከክኩት።" ከዚያ ወደ እሷ ዞረ።

እትዬ ሽቦ ቦርሳዋን ከፈተች፣ ጨርቁን ገለጠች፣ ዲስኩን ሰጠችው። "ምንም አልተጻፈበትም። የጠፋ ፋይል የሚፈልገውን ፕሮግራም ክፈትና የሚወጣውን ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጥ። በፊደሉ እንዳትጠራው። በቁጥሩ።" "በቁጥሩ" አለ ልጁ፤ ሁለት ጊዜ አስተያይቶ፣ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ፣ ሦስተኛ ጊዜ አስተያይቶ ከዚያ በኋላ ብቻ ጀመረ።

ፎቶዎቹ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አንድ በአንድ ብቅ ማለት ጀመሩ። ፕሮግራሙ ምስሉን እንጂ ስሙን አያወጣም፤ እያንዳንዱ ስምና ዓመት የሌለው ተራ ቁጥር ሆኖ ነው የሚመጣው። መምህርቷ ወንበሯን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች። "ይቺ፣ ጥርሷ የወለቀችው... ይሄ አምስተኛ ዓመቴ ነው። ጻፍ። ይሄ አኩራፊ አሁን አናጢ ሆኗል፣ የቤቴን በር የሠራው እሱ ነው። አሥራ ሁለተኛ ዓመት። ጻፍ እንጂ ልጄ፣ ምን ታየኛለህ?" ኢንጂነሩ ጻፈ። መብራት እስኪበራ ሃያ ስድስት ወጡ። አምስቱ አልወጡም፤ ልጁ ቢለው ቢለው አልወጡም። መምህርቷ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችው።

"ልጆቹ ያኔ አንድ አንድ ቅጂ ገዝተዋል" አለች በመጨረሻ። "ቤታቸውን አውቃለሁ። ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት ትመጣና በር በር እያንኳኳን እንፈልጋለን። በየበሩ ለምን እንደመጣን የምትናገረው አንተ ነህ።"

"እሺ መምህር" አለ ኢንጂነሩ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ።

መምህርቷ ሄደች፤ ልጁ ሊሸኛት ወጣ፤ እናቱም በሩን ለቃ ወደ ጓዳ ገባች። ወንድሟ ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አነሳው፣ እጁ ውስጥ አገላበጠው፣ ከዚያ እሷ ፊት መልሶ አስቀመጠው። ቀና ብሎ አላየም።

"ተቀይመሻል?" አላት።

"አዎ ጋሼ።"

እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቀም። "አይ፣ አልተቀየምኩም" ነበር የለመደው። "እስከ መቼ?" አለ።

"እስኪወጣልኝ" አለችና ገመዷን እየጠቀለለች ዲስኮቹን ልታይ ገባች። ወንድሟ አላስቸኮላትም። ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ጠበቃት።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ሌላው ሁሉ ቢጠፋባችሁ አልቀየማችሁም፤ ፊደሉንም ወረፋውንም እርሱት። አግዳሚው ላይ የተቀመጠውን ያንን ሰውዬና ሳትቸኩል ሥራዋን የምትሠራውን ያችን ሴት ብቻ፣ አደራ፣ አስታውሱልኝ።